የአህያ ሲሶ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦና እመት አህያ ከወንዙ ወዲህ የውኃ ጉድጓድ በሽርክና ቆፈሩ። ድንጋዩን ያጋዘችው አህያ ናት፤ ጅብማ ጥላ ሥር ተጋድሞ «በርቺ!» ይላት ነበር። ጉድጓዱ ሲያልቅ «መሬቱ የኔ ነው» ብሎ ሁለቱን እጅ ወሰደ፤ ለእሷ ሲሶ ተባለላት። ሲሶውም የአፍ ብቻ ነበር። በዚያ አገር «ትልቁ ይጠግባል፣ ትንሹ ይጠብቃል» ከሚለው በቀር ሕግ አልነበረምና፣ ጅቡ ከነቤተሰቡ ጠጥቶ አደፍርሶ ሲሄድ እሷና ውርንጭላዋ ጭቃውን ይልሱ ነበር።

በጋው ሲበረታ ጅብን ከወንዙ ማዶ ያለው የአንበሳ ምንጭ አማረው። «ጉድጓዴንና ምንጭህን አንድ እናድርግ» ብሎ ላከ። መልሱን የአንበሳ መልእክተኛ ቀበሮ ይዞ መጣ።

«በኛ አገር መሸረክ የሚሻ ዋስ ያቀርባል። ዋሱም ከሸሪኮቹ ሁሉ ትንሹ ነው፤ ድርሻው ይደርሰው እንደሆነ ቀርቦ ይመሰክራል።»

ጅብ ሳቀ። «ትንሿማ አህያ ናት! እሷ ደግሞ ምን ልትል?»

ወደ አንበሳ ሲሄዱ መንገድ ላይ ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ስንመለስ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እንዳትረሺ» አላት። አህያ እውነቱን ብትናገር ጅብ ይበላታል፤ ብትዋሽ ውርንጭላዋ በጥም ያልቅባታል።

«እመት አህያ፣ ሲሶሽ ይደርስሻል?» ሲል አንበሳ ጠየቃት። ጅብን አየች፣ መሬት መሬት አየች።

«ይደርሳታል እንጂ! ጠግባ ነው የምታድረው» አለ ጅብ።

ቀበሮ ጠጋ ብሎ አሸተታት። «ጌታዬ፣ ንጹሕ ውኃ የጠጣ አፍንጫው እስከ ዓይኑ ጭቃ አይሆንም። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ሲሉ እውነታቸውን ነው!»

አህያ አፈረች። ወዲያው ግን ንዴቷ ከፍርሃቷ በለጠ። «እውነት ነው፤ ሲሶዬን አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም!» አለች።

አንበሳ አልተቆጣም። «የእሷን የበላ ነገ የኛንም ይበላል። ከተሸረክን ሕጋችን ወንዙን ይሻገራል፤ በጉድጓዱም በምንጩም ትንሹ ሸሪክ ቀድሞ ይጠጣል። እሷን የነካ ምንጩን አያየውም።»

«እሺ፣ እሺ!» አለ ጅብ። ከንግግሩ ሁሉ የሰማው «ምንጩ» የሚለውን ብቻ ነበር።

በማግስቱ እየተጋፋ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ቀበሮ አፋፉ ላይ ቁጭ ብሏል።

«አያ ጅቦ፣ ተራህን ጠብቅ!»

ጅብ ጥርሱን አፋጨ፤ ምንጩ ትዝ ሲለው ግን ወደ ኋላ ብሎ ተቀመጠ። አህያ ውርንጭላዋን አስቀድማ ጎንበስ አለች። ውኃው ገና አልደፈረሰም፤ በራሷ ጉድጓድ ውስጥ የራሷን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

ከዚህ የምንማረው በቤቱ የትንሹን ድርሻ የበላ በሰው አገር የሚያምነው ሸሪክ እንደማያገኝ፣ ትንሹን የሚጠብቅ ሕግ ግን ለትልቁም በር እንደሚከፍት ነው።