አያ ጅቦና ሳይጫን የተጫነው ፕሮግራም

አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር የሚኖሩ እንስሳት ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ስላስቸገራቸው መላ መቱ። ወንዙ ከላይ ሲሞላ ጉማሬ በኮምፒውተር መልእክት እንዲልክ፣ የማስጠንቀቂያው ፕሮግራምም በአንበሳ፣ በዝንጀሮና በጅብ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲጫን ተስማሙ። «ጭነት ከአህያ በላይ ማን ያውቃል?» ተባለና ሥራው ለእሱ ተሰጠ።

የኮምፒውተሮቹ ሲስተም ግን ለየቅል ነበር። አንበሳ ዘንድ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ ሲያደርገው አለቀ። ዝንጀሮ ዘንድ ኮምፒውተሩ «የፕሮግራሙን ሠሪ አላውቀውም» ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ አህያ ቅንብሩን ሲነካካ ውሎ በስንት መከራ አስፈቀደው። ጅብ ዘንድ ፋይሉ ጨርሶ አልከፈት አለ።

«አያ ጅቦ፣ ይህ ለእርስዎ ሲስተም የተሠራ አይደለም። የሚሆነውን ፈልጌ ነገ እመለሳለሁ» አለ አህያ፣ ዓይኑን ከጅብ ጥርስ ሳይነቅል።

«ለአንበሳ ዛሬ፣ ለእኔ ነገ? ንቀኸኝ ነው!»

«ኧረ በፍጹም!» አለና አህያ ጀርባውን ሳይሰጥ ወጣ።

ቀበሮ ይህን ሰምታ ኖሮ ከተፍ አለች። የጅብ ዋሻ በቋንጣ የተሞላ መሆኑን ታውቃለች።

«አያ ጅቦ፣ አህያን ምን ያስለምንዎታል? እኔ ለሁሉም ሲስተም የሚሆን አለኝ። ታዲያ ሲጫን ባለቤቱ አጠገቡ ከቆመ ይበላሻል።»

ጅብ ከዋሻው በላይ ያለውን ኮረብታ ተሻግሮ ጠበቀ። ቀበሮም የፕሮግራሙን ምልክት ብቻ ስክሪኑ ላይ ለጠፈችና ቋንጣውን ጥርግ አድርጋ በላች።

«ቋንጣዬስ?» አለ ጅብ ሲመለስ።

«ፕሮግራሙ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ለቀቅኩለት።»

ጅብ አላዋቂ ላለመባል «ልክ ነው» አለ።

በማግስቱ አህያ የሚሆነውን ፋይል ይዞ መጣ።

«ተጭኗል» አለው ጅብ።

«ከፍተው ሞክረውታል?»

«ምልክቱን እያየህ ትጠይቀኛለህ? ምሳዬን አልበላሁም፤ ሂድልኝ!»

አህያ ተጠራጠረ። ነገር ግን ደክሞታል፣ ፈርቷልም። «ካሉ እሺ» ብሎ ሄደ።

ዝናቡ ሲበረታ አንድ ቀን በቀትር የጉማሬ መልእክት ደረሰ። አንበሳና ዝንጀሮ ቤተሰባቸውን ይዘው ኮረብታው ላይ ወጡ፤ አህያም ተከተላቸው። ጅብ የለም። አህያ «ባይመጣ ለእኔ ምኔ ነው?» አለ በልቡ። ሳይሞክር የሄደው ራሱ መሆኑን ሲያስብ ግን እግሩ አልቆምለት አለ፤ እያናፋ ቁልቁል ሮጠ።

«አያ ጅቦ፣ ጎርፍ መጣ! ይውጡ!»

ጅብ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ነበር። «ዝም በል! ጎርፍ ቢኖር ይሄ ይነግረኝ ነበር።»

ይህን ሲል ውሃው ዋሻው ገባና ኮምፒውተሩን ገለበጠው። ጅብም አንገቱ ድረስ ተዋጠ።

«ጅራቴን ይያዙ!» አለ አህያ፣ ለጅብ ጥርስ ጀርባውን ሰጥቶ።

ጅብ ነከሰ፤ አህያ ጎተተ። ኮረብታው ላይ ሲደርሱ የአህያ ጅራት ደም በደም ሆኗል። ጅብ አፉን ከፍቶ ጅራቱን ለቀቀና አንገቱን ደፋ። ቀበሮ ግን አገር ለቃለች።

ውሃው ሲጎድል አህያ ለጅብ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ትክክለኛውን ፋይል ጫነ። ከዚያም ጉማሬን «እስቲ የሙከራ መልእክት ላክ» አለው። የማስጠንቀቂያው ደወል ሲጮኽ ጅብ በጠራራ ፀሐይ ኮረብታውን ሽቅብ በረረ። አህያም «አሁን ተጭኗል» አለ።

ከዚህ የምንማረው ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው ላይስማማ እንደሚችልና ሥራ ማለቁም የሚታወቀው በመልኩ ሳይሆን ሲሞከር መሆኑን ነው።