በሰው ግድግዳ ላይ የበቀለ ጤፍ

አንድ ገበሬ ነበረ። ዘርፌ፣ ስሚኝ፣ ለጥያቄሽ ነው የምነግርሽ። «ጋሼ፣ በመጨረሻው ዙር እግሬ እሳት ሆኖ ከዳኝ፤ ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም መሰለኝ፣ ልተወው?» ብለሽኛል።

ይህ ገበሬ ጤፉን አጭዶ፣ በበሬ አበራይቶ፣ አውድማው ላይ ከመረ። ታዲያ ነፋስ ጠፋ። በመንሽ ወደ ላይ ቢበትነው ፍሬውም ገለባውም ተቃቅፈው እዚያው ይወድቃሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆቹን ርቧቸዋል። ስለዚህ ከሚስቱ ጋር በሰፌድ እያበጠሩ ሲታገሉ ውለው ሁለት ቁና አወጡ። ልጆቹም በልተው አደሩ። እስከዚህ ድረስ አልወቅሰውም፤ ምን ያድርግ!

በማግሥቱ ቤት የሚሠራ ጎረቤቱ መጣና ለጭቃው ጭድ ለመነው።

ሚስቱ፣ «ኧረ ተው አንተ ሰው! ፍሬው ገና ውስጡ ነው፣ ነፋሱም መምጣቱ አይቀርም» አለችው።

«ክንዴ ዝሏል። ከዚህ ወዲያ ምን ፍሬ አለው?» አለና ክምሩን በሙሉ ለጎረቤቱ ሰጠ።

በሦስተኛው ቀን ነፋስ ነፈሰ። የእሱን ያህል ክምር የነበረው ሌላ ሰው ሠላሳ ቁና አገባ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅመውም አልነበረው። ኋላ ካፊያ ሲጥል የጎረቤቱ አዲስ ግድግዳ አረንጓዴ ለበሰ። ገበሬው የገዛ ጤፉን በሰው ግድግዳ ላይ በቅሎ አየ፤ እጁን ቡቃያው ላይ አድርጎ አለቀሰ።

ዘርፌ፣ ሕዋሶችሽም እንዲሁ ናቸው። ኦክስጅን ሲደርሳቸው ከአንዲት ቅንጣት ስኳር ሠላሳ ያህል የኃይል ስፍር ያወጣሉ። ስትፈተለኪ ግን ትንፋሽሽ አይደርስላቸውም፤ ያን ጊዜ ሁለት ብቻ አውጥተው የቀረውን ላክቲክ አሲድ አድርገው ይተዉታል። እሱን ጥራጊ ነው አትበዪ፤ ነፋስ የሚጠብቅ ክምር ነው። ትንፋሽሽ ሲመለስ ልብሽና ጡንቻሽ መልሰው ኃይል ያወጡበታል። እግርሽ መቼ ከዳሽ? ከመነሻው ተፈትልከሽ ትንፋሽሽን ቀደምሽው እንጂ።

እኔም በአንቺ ዕድሜ እንዲሁ ወድቄ፣ በዚያው ሳምንት የሩጫ ጫማዬን ለሰው ሰጠሁ። ማንም «ተው» አላለኝም። ይኸው አርባ ዓመት ሙሉ ይቆጨኛል። አንቺ ሂጂ፣ ዕረፊ፣ በደንብ ተንፍሺ፤ ጫማሽን ግን ለማንም እንዳትሰጪ።