አተላ የለመደ በሬ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ መጠጥ የተወ። ቁጭ በል አስማረ፤ ምሳሌ ቆሞ አይሰማም። የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ። «አባ፣ መጠጥ ከተውሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ ንስሐም ገብቻለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ ታዲያ ለምን ዛሬም ያምረኛል?» ነው ያልኸኝ። እኔም የምመልስልህ በዚህ ገበሬ ነው።

ይህ ሰው ያለው አንድ ዳልቻ በሬ ብቻ ነበር፤ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርሳል። ከእርሻው ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በረጅም እንጨት ጫፍ ጣሳ በተደፋበት ጠላ ቤት ደጃፍ ያልፋል። ያልፋል ማለቴ መንገዱ ነው እንጂ እርሱስ አያልፍም ነበር። በሬውን ከጓሮ ያስርና ይገባል፤ ሲወጣ ምድሩ ጨልሟል። ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ምክንያት አያጣም፤ ወጡ ቀዘቀዘ ብሎ ሚስቱን ይመታል፣ ወጡ አቃጠለኝ ብሎ ይመታል።

አንድ ምሽት በጅራፉ እጀታ ትከሻዋን ሰበረው። በማግሥቱ ስካሩ ሲለቀው ወጌሻ ሲያስራት አየ። እርስዋ ጥርሷን ነክሳለች። እርሱም እንደዚያ ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም። ከዚያው ተነሥቶ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደና አንዲት ሳያስቀር ተናገረ። የታዘዘውን ጾመ፣ ሰገደ፣ በመጨረሻም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተባለ። ሽማግሌ አስቀምጦ ከሚስቱ እግር ላይ ወደቀ፤ እርስዋም ይቅር ብዬሃለሁ አለች። ሰውዬው ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለው።

የት አለቀና! ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጉሮሮው ይደርቅ ጀመር። ገብስ ቆሎ ይቆረጥማል፣ ውኃ ይጠጣል፣ አጥር ያጥራል፣ ያጠረውን አፍርሶ እንደገና ያጥራል። ተቀምጦ ይነሣል፤ ተኝቶ ይገላበጣል። ንስሐ አባቱ ዳዊት ሲያስደግሙት እንኳ አፉ እዚህ ሆኖ ሐሳቡ ጠላ ቤቱ ደጃፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የባሰበት ግን በሬው ነው። ከእርሻ ሲመለሱ ዳልቻው እዚያ ደጃፍ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆምና ወደ ጓሮው ይታጠፋል። ቢጎትተው እንቢ፣ ቢገፋው እንቢ። ጠጪዎቹ እየወጡ ይስቁበታል። አንዱማ፣ በሬው ከጌታው ይሻላል፣ ወዳጅ አይረሳም ብሎ አፌዘበት። ገበሬው በኀፍረት ደሙ ይፈላና በሬውን በጅራፍ ይገርፈዋል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ፣ ቀንበሩን ሊሰቅል እጁን ከፍ ሲያደርግ፣ ሚስቱ ትከሻዋን ሰብስባ ወደ ግድግዳው ትጠጋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እርሱም ይህን ሁሉ እየደመረ በልቡ ክስ ያደራጅ ጀመር። ጥማቴ ይመሰክርብኛል፤ በሬዬ ይመሰክርብኛል፤ ሚስቴም ትመሰክርብኛለች። እግዚአብሔር ይቅር ቢለኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር። እንግዲያው አልማረኝም። ካልማረኝስ ለምን በከንቱ እጠማለሁ? እዚህች ላይ ልብ በል አስማረ። ሰውዬው ወደ ጠላ ቤቱ መንገድ የጀመረው በእግሩ አይደለም፤ በዚህች ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ ጥፋቱን ሁሉ በሬው ላይ ጣለ። ቅዳሜ ገበያ አውጥቼ ለሥጋ ነጋዴ እሸጠዋለሁ አለ፤ ያለዚያ በሬ ክረምቱን በምን እንደሚያርስ ሳያስብ። ጠዋት ገመድ አሰረበትና መንገድ ጀመረ። የገበያውም መንገድ በዚያው ደጃፍ ነው። በሬው ገመዱን ከእጁ መንጭቆ ገባ። ገበሬውም ዱላውን አንሥቶ እየሮጠ ተከተለው።

በሬው ጓሮ ካለው አሮጌ ገንዳ ላይ አፉን ደፍቶ ባዶውን እንጨት ይልሳል። ጠላ ሻጯ ድምፅ ሰምታ ወጣችና አየቻቸው። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም።

«አተላውን ፈልጎ ነው» አለችው። «አንተ ስትጠጣ፣ ለበሬዬም ስጪው፣ እርሱም የልፋቱን ይቅመስ ትለኝ ነበር። በየቀኑ ነው የሰጠሁት። ረሳኸው እንዴ?»

ረስቶታል። በስካር ያለውን ማን ያስታውሳል! ሴትዮዋም እንደ ወጉ፣ ከመጣህ አይቀር ግባ፣ አንድ ጣሳ ልቅዳልህ አለችው። የጠላው ሽታ ከውስጥ መጣበት። አፉ ምራቅ ሞላ። ዱላው በእጁ፣ ጠላው በፊቱ፣ በሬው በጎኑ ሆኖ ቆመ። በሬው የተነሣውን ዱላ አየና ዓይኑን ጨፈነ፤ ጫንቃውንም ሰብስቦ ወደ አጥሩ ተጠጋ። ልክ እንደ ሚስቱ።

ገበሬው ዱላውን ጣለ። በዚህ እንስሳ ላይ የማየው ሁሉ እኔው ያስተማርሁት ነው ብሎ አሰበ። አተላውንም፣ ፍርሃቱንም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ቀንዱን በቀስታ ያዘና ጣሳውን ሳይቀበል ወጣ። ገበያም አልሄደም። ቤቱ ተመልሶ የሆነውን ሁሉ ለሚስቱ ነገራት፤ ሲጨርስም ለወራት የፈራውን ጠየቃት፤ በእውነት ይቅር ብለሽኛል ወይ አላት።

ሚስቱ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችው።

«ይቅር ያልሁህ ከልቤ ነው» አለችው። «ትከሻዬ ግን ገና አልሰማም። ታገሠው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበሬው ከበሬው ኋላ መሄድ ተወ። ፊት ፊቱን እየሄደ፣ በመዳፉ ጨው ይዞ እያስላሰ፣ ያንን ደጃፍ ያሳልፈው ጀመር። ጠጪዎቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሲሰለቻቸው ተዉት። በሬው መጀመሪያ እየተጎተተ አለፈ፤ ቆይቶ እየቆመ አለፈ፤ ሰንብቶም አንገቱን ብቻ እያዞረ አለፈ። ገበሬውም አብሮት ጉሮሮው ይደርቅና አብሮት ያልፋል። በሬው እስኪያረጅ ድረስ እዚያ ሲደርስ አንዲት ጆሮው ወደ ጓሮው ትዞር ነበር። እግሩ ግን አልዞረም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን፣ ገበሬው ከሚስቱ ራስ በላይ የተሰቀለውን ወንፊት ሊያወርድ እጁን ዘረጋ። እርስዋ ምስሯን መልቀሟን አልተወችም። ወንፊቱን ይዞ ወደ ውጭ ወጣና አለቀሰ።

አስማረ፣ አሁን ወዳንተ ልምጣ፤ ስነግርህ ሦስት ጊዜ ተነሥተህ ሦስት ጊዜ ተቀመጥህ፣ አይቼሃለሁ። ይቅርታህን ሰማይ ላይ ጨርሰሃል፤ በዚያ ላይ ሌላ አትጠይቅ፤ «ይፍታህ» ስልህ እኔ እየቀለድሁ አልነበረም። ሥጋህ ግን ያ በሬ ነው። አተላውን ለአሥራ ሦስት ዓመት ያበላኸው አንተ ነህ፤ በስምንት ወር እንዲረሳልህ ትፈልጋለህ። ሲያምርህ እግዚአብሔር አልማረኝም አትበል፤ በሬዬ ደጃፉን አወቀው በል። በንዴትም አትግረፈው፤ ተገርፎ የረሳ በሬ የለም። ፊት ፊቱን እየሄድህ አሳልፈው። ልጅህም እጅህን ስታነሣ የምትሸሽ ከሆነች አትቆጣት፤ ይቅር ብላህ ይሆናል፤ ትከሻዋ ነው ያልሰማው።

በል ተነሥ፣ ሊመሽ ነው፤ ያንተም መንገድ በዚያው በደጃፉ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬን እለፈው። ነገ ደግሞ የነገውን። ጨው ያለቀብህ ቀን ግን ጠላ ቤቱ ሳትደርስ ወደ እኔ ታጠፍ፤ ቤቴ ይቀርባል።