የአያ ጅቦ ልጅ የሠርግ ዶቃ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ትንሹም ትልቁም ይስማ፤ አጭር ናት፣ የቀዳችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ታልቃለች።

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ልጁን ሊድር ተነሣ። ልጅቷ ዘርፌ ትባላለች። አማቾቹ ከወንዝ ማዶ ናቸው፤ ኩራታቸው አይጣል ነው። ሙሽራዋ አንገቷ ባዶ ከሆነ ፊታቸውን አዙረው ይሄዳሉ ተብሎ ይወራል። ዘርፌም ይህን ሰምታ፣ አበባ አበባ ያለበት ዶቃ ካላሰርኩ ከቤት አልወጣም ብላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አያ ጅቦ ደግሞ ልጁ ስትከፋ አንጀቱ አይችልም። ምሳ ሲዘገይም አንጀቱ አይችልም፣ እሱን ተዉት።

በሰፈሩ ጌጥ የምትሠራው እመት ጦጢት ናት። የምትሠራው በአፈር ጭቃ እንዳይመስላችሁ፤ ፖሊመር በሚሉት ባለቀለም ጭቃ ነው። እንደ ሊጥ ይታሻል፣ ምድጃ ገብቶ ሲወጣ ይጠነክራል። ጭቃውን ከከተማ ጭና የምታመጣው አህያ ናት። አያ ጅቦ እስከ ሠርጉ ማግስት እንደማይበላት ማለላትና ቀዩንም ነጩንም ቢጫውንም አመጣች። መሐላውን ምን ያህል እንዳመነችው እንጃ፣ መንገዱን ሁሉ በሩጫ ነው የጨረሰችው።

ጦጢት ሥራ ጀመረች። ቢጫውን እንደ ጣት አድቦለቦለች፣ ዙሪያውን ቀያይ የአበባ ቅጠል ደረደረች፣ በየመሀሉ ነጭ ሞላች፣ በመጨረሻ ሁሉንም በጥቁር ጠቀለለችው። ከዚያ እየጨመቀችና እያንከባለለች አቀጠነችው። አያ ጅቦ ሊያይ ሲመጣ ያገኘው የራሱን ክንድ የሚያህል ጥቁር ጥቅል ነው። ጫፍና ጫፉ ተጨማዶ፣ ቀለሙ ተዘባርቆ፣ የታኘከ ይመስላል።

«ይሄ ነው አበባው?» አለ።

«አበባው ውስጡ ነው» አለችው ጦጢት። «አሁን በመታሸት ብዛት ሞቆ ለስልሷል፤ ጥላ ውስጥ ይደር። ነገ በምላጭ ስስ ስስ አድርጌ እቆርጠዋለሁ፣ ምድጃ ይገባል፣ ትወስዳለህ። እስከዚያ እንዳትነካው።»

እሺ ብሎ ወጣ። እሺ ማለት መቼም አያቅተውም።

ቀበሮ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። እንኳን ደስ ያለህ አለችው፣ የሙሽራዋን ጤና ጠየቀችው፣ ሰማዩን ቀና ብላ አይታ ዝናብ ይመጣ ይሆን አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስስ ስስ አድርጌ ነው ያለችህ?»

«አዎ፣ ስስ ስስ አድርጌ።»

«እኔ አያገባኝም። ግን ክንድ የሚያህል አበባ ውስጡ ተጋድሞ ሳለ ሽራፊ ልትሰጥህ ነው ማለት ነው። ትልቁን አበባ የፈለገ ከላይ እስከ ታች በቁመቱ ነው የሚሰነጥቀው፣ አያ ጅቦ።»

አያ ጅቦ ክንድ የሚያህል አበባ በዘርፌ አንገት ላይ ታየው። አማቾቹ አፋቸውን ከፍተው ሲቀሩ ታየው። ጦጢት ውኃ ልትቀዳ እስክትወርድ ጠበቀና ጥቅሉን ከነምላጩ ላፍ አደረገ። ለምክርሽ ምን ልስጥሽ ቢላት፣ ቀበሮ አንገቷን ደፍታ፣ እነዚያ የተጨማደዱት ጫፎች ይበቁኛል፣ አንተ መቼም አትፈልጋቸውም አለችው። አያ ጅቦ እንዲህ ያለች ምስኪን አይቶ አያውቅም። ጫፍና ጫፉን በጥርሱ ገንጥሎ፣ እንዲያውም ለጋስ ልሁን ብሎ ወፈር ወፈር አድርጎ ሰጣት።

ቤቱ ገብቶ ጥቅሉን በቁመቱ ሰነጠቀው። መስመር ብቻ። ቀይ መስመር፣ ነጭ መስመር፣ ቢጫ መስመር፣ እንደ ነጠላ ጥለት ተጋድሟል። አበባው ጠለቅ ብሎ ተደብቆ ይሆናል ብሎ ግማሹን ደግሞ በቁመቱ ሰነጠቀ። አሁንም መስመር። ሲሰነጥቅ፣ ሲሰነጥቅ፣ አንድ እቅፍ ጭራሮ የመሰለ ነገር ፊቱ ተቆለለ።

ዘርፌ ብቅ አለች። «አባዬ፣ አበባዬ የታለ?»

«እየመጣ ነው» አለና በድንጋጤ ሁሉንም ሰብስቦ እንደ ነበረ ሊመልሰው ያሸው ጀመር። ቀዩ ከጥቁሩ፣ ጥቁሩ ከቢጫው ገባ። በመጨረሻ እጁ ላይ የቀረው፣ ክረምት ላይ ከብት ያለፈበት መንገድ የመሰለ አንድ ድቡልቡል ነው።

በማግስቱ ጆሮውን ጥሎ ድቡልቡሉን ለጦጢት ወሰደላት። ጦጢት ድቡልቡሉን አገላብጣ አየችው፣ እሱንም አየችው። ልትቆጣ ነበር፣ ሳቋ ቀደማት። አግድም ብትቆርጠው እኮ በያንዳንዱ ቁራጭ ፊት ላይ አንድ ሙሉ አበባ ነበር፣ ለሚዜዎቹም ይተርፍ ነበር አለችው። ሌላ ጭቃ እንዳይመጣ አማቾቹ ወንዙን ሊሻገሩ ነው። ምን ታድርግ፣ ያንኑ ድቡልቡል ዶቃ ዶቃ አድርጋ በስታ፣ ምድጃ ከትታ፣ በክር ሰክታ ሰጠችው።

ዘርፌ ጭቃ የመሰለውን ዶቃ አስራ፣ አንገቷን ቀብራ ወጣች። አያ ጅቦ አማቾቹን ያያል። የሙሽራው እናት ጠጋ ብላ አንገቷን አየች፣ ፀጉሯን አየች፣ እንደገና አንገቷን አየች።

«ዶቃ አስራለች ብላችሁኝ ነበር፤ ከቆዳዋ ለይቼ ማየት አቃተኝ እኮ» አለች።

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ደግነቱ ሴትየዋ ራሷም ሳቀች፤ የሳቀ ደግሞ ተቆጥቶ አይሄድም። የዘርፌን እጅ ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት። አያ ጅቦ ገና እፎይ ብሎ አንድ ትልቅ ሥጋ እንደጎረሰ ቀበሮ ገባች። በሁለት ጆሮዋ ቀያይ አበባ፣ መሀሉ ቢጫ፣ ዙሪያው ነጭ። አንገቷ ላይም አለ። ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። ከየት አመጣሽው ቢላት፣ «ከጫፎቹ ነዋ» አለችው በትሕትና። «አንተ የነከስከውን ላዩን ላዩን ገፈፍኩለት፣ ሲበርድ አግድም ቆረጥኩት።» ጦጢት የዘርፌን ዶቃ ምድጃ ስትከት ቀበሮ የራሷንም ሹልክ አድርጋ አስገብታ ኖሯል።

አያ ጅቦ የሚያማርርለት ቢፈልግ ያገኘው አህያን ብቻ ነው፤ አየሽ ወይ የተሠራብኝን ግፍ ብሎ ጀመረላት።

ከዚህ የምንማረው፣ የማናውቀውን ሥራ መጠየቅ ያለብን ሠሪውን እንጂ በር ላይ ያገኘነውን ምክር ሰጪ እንዳልሆነ ነው፤ አህያም አንድ እግሯን ከዳሱ ውጭ እንዳደረገች ለአያ ጅቦ ያለችው ይህንኑ ነው፦ «አፍህን እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ትከፍተዋለህ፤ አንዴ እንኳ ለመጠየቅ ብትከፍተው ምን ነበረበት?»