ድንቢጦችን ያባረረው አውራ ዶሮ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ ጓሮው በጎመንና በዱባ ሐረግ በተሞላበት የጸደይ ወር፣ የዱር ድንቢጦች እርጥብ ገብስ ሰሌን ላይ ወደሚሰጣበት አንድ ግቢ እየመጡ ፍሬ ይለቅሙ ነበር። የግቢው ጌታ ነኝ የሚል አውራ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ያያቸዋል። ሌላ ሥራ ስላልነበረው ብዙ አየ፤ ካየው ግን ምንም አልገባውም።

ድንቢጦቹ አንዳንዴ ሁሉም በአንድ ጊዜ ብር ብለው ይነሣሉ። ያን ጊዜ አውራ ዶሮ ደረቱን ነፍቶ፣ ግርማውን መቋቋም አቅቷቸው እንደሸሹ ለሚስቱ ይነግራታል። አምስት ጫጩቶች የምታሳድገው እመት ዶሮ ዝምተኛ ነበረች፤ ማየት ግን ታውቅበታለች። ድንቢጦቹ በተነሡ ቁጥር ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ የቀበሮ ጭራ ውልብ ይላል።

«አያ አውራ ዶሮ፣ የሚሸሹት እኮ ቀበሮን ነው» አለችው አንድ ቀን። «እነሱ ባይኖሩ ልጆቻችን አልቀው ነበር።»

«እኔ እያለሁ ቀበሮ ምን አባቱ ሊሠራ ይመጣል?» ብሎ ሳቀባት።

ቀበሮ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ይህን ሰማ። በማግስቱ አውራ ዶሮ እህህ ብሎ ሲስል ድንቢጦቹ ብር አሉ፤ ቀበሮም በቁልቋሉ መካከል አፍንጫውን ብቅ አደረገ።

«ጌታዬ፣ አሁን ሲስሉ ወፎቹ ሲበሩ አየሁ። እኔም እርስዎን ስለምፈራ ነው ከውጭ የቀረሁት። ግን እንደ እርስዎ ያለ ጌታ ከድንቢጥ ጋር አንድ ሰሌን ይጋራል?»

አውራ ዶሮ ይህን ለሚስቱ በኩራት አወራላት። የሚፈራህ ከሆነ በየቀኑ ለምን ይመጣል ብላ ብትጠይቀው፣ ፈሪ ብሎ ሰደባት። ሦስት ቀን ሙሉ ድንቢጦቹን ሲያሳድድ ዋለ። እነሱም ሳይከራከሩ ወደ ጎረቤት ጓሮ ሄዱ። እመት ዶሮም ጫጩቶቿን አስከትላ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ተከተለቻቸው።

በአራተኛው ቀን ጓሮው ጭር አለ። አውራ ዶሮ ዝምታው ክብር መስሎት ሰሌኑ መሀል ተጎለተ። ቀበሮ በቀስታ ገባ። አውራ ዶሮ ደረቱን ነፍቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ እህህ ብሎ ሳለ።

«በጣም ያስፈራል» አለ ቀበሮ፤ አንገቱንም ያዘው።

በጎረቤት ጓሮ ድንቢጦቹ ብር ብለው ተነሡ። እመት ዶሮ ማንን ፈርተው እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ጫጩቶቿን ሰብስባ ጎተራው ሥር ገባች።

ከዚህ የምንማረው በራሱ ፍቅር የታወረ ሰው ሌሎች አደጋ ሲያስጠነቅቁት እንኳ የሚያጨበጭቡለት እንደሚመስለው ነው።