አልሞረድም ያለው ቀለበት

ላውጋችሁ? አውጋን በሉኛ! እንግዲያው ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ ብረት እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ ሽብሩ የሚባል ሽማግሌ መካኒክ ነበር። አንድ ቀን አዋላጇ የሺእመቤት አሮጌ መኪናዋን አስጎትታ ደጁ መጣች። ሞተሩ ዘይት እየጠጣ፣ ጭስ እየተፋ አስቸግሯታል።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ከአቀበቱ ማዶ ያለችው ነፍሰ ጡር ቀኗ ደርሷል። መኪናዬን ዛሬውኑ ጠግነህ አድርስልኝ» አለችው።

ሽብሩ ሞተሩን አውርዶ ፈታው። በሞተሩ ሆድ ሽቅብ ቁልቁል የሚመላለሱ አራት አዳዲስ ፒስተኖች አመጣ፤ ለእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ቀለበት። ቀለበቶቹ ክብ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ ላይ የተቆረጡ ናቸው። ሦስቱ ፒስተኖች ቀለበታቸውን ለብሰው ያለ ወሬ ገቡ። አራተኛው ግን አፉ አያርፍም።

«እኔን አያችሁ? አንድ ወጥ ነኝ! እናንተ ግን ስንጥቅ ናችሁ» አላቸው የራሱን ሦስት ቀለበቶች።

ታናሹ ቀለበት ንቆ ተወው። መካከለኛውም ንቆ ተወው። ነዳጁ ከሚነድበት እሳት አጠገብ የሚቀመጠውን ታላቁን ግን እፍረት ያዘው።

ሽብሩ ታናሹን ፒስተኑ በሚመላለስበት ቱቦ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ቀጭን መለኪያ ሰደደ። አለፈ። መካከለኛውን ለካ። አለፈ። ታላቁን ለካ። አላለፈም። ጫፎቹ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም።

«ጫፍህን ትንሽ ልሞርድልህ» አለው።

«አልሞረድም!»

«ስትግል ታብጣለህ። ያኔ ቦታ ታጣለህ።»

«አልሞረድም! ወንድሞቼ ክፍት ናቸው፤ እኔ ልገጥም ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ኧረ ተው ልጄ።»

«አልሞረድም አልኩ! ሙሉ መሆን ነውር ነው?»

«እሰይ! እንዲህ ያለውን ነው የምፈልገው» አለ ፒስተኑ።

በዚህ መሃል የነፍሰ ጡሯ ባል እያለከለከ ደረሰ። «እትዬ የሺእመቤት፣ ይድረሱልኝ! ምጥ ጀምሯታል!»

የሺእመቤት ሽብሩን አየችው። ሽብሩ ሞረዱን አየው። ከዚያ «እሺ፣ ይሁን» ብሎ አስቀመጠው። ታላቁን ቀለበት እንደ ነበረ አልብሶ ሞተሩን ገጠመ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁም ያምር ነበር። የሺእመቤት ሽብሩን ከጎኗ፣ ባልየውን ከኋላ አስቀምጣ አቀበቱን ተያያዘችው። ሞተሩ ሞቀ። «አያችሁ፣ ገጠምኩ!» አለ ታላቁ ቀለበት። ሞተሩ ጋለ። «እስቲ ትንሽ ጠጋ በሉልኝ» አለ። የሲሊንደሩ ግድግዳ ወዴት ይጠጋ? ሞተሩ ነደደ። «ቦታ! ኧረ ቦታ!» ብሎ ጮኸና ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ስብርባሪው ግድግዳውን ቧጠጠው፤ ፒስተኑን ነከሰው። መኪናዋ አንዴ ተንቀጥቅጣ አቀበቱ መሃል ድርቅ አለች።

የሺእመቤት መሪውን እንደ ጨበጠች ቀረች። «ምን ሆነ? ጋሽ ሽብሩ፣ ምን ሆነ?»

ሽብሩ እጁን እንደ ባዕድ እጅ አገላብጦ አየው።

«አውቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ለክቼው ነበር እኮ። እያወቅኩ ነው የገጠምኩት።»

እሷ ፈዛ አየችው። ቦርሳዋን አንሥታ ከባልየው ጋር ሽቅብ ሮጠች። ስትደርስ ሕፃኑ ተወልዶ ነበር፤ ግን አያለቅስም፣ ገላው ጠቁሯል። አሸችው። እግሩን መታ መታ አደረገችው። እፍ አለችበት። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ አለቀሰ።

በማግስቱ ሽብሩ ሞተሩን ከፈተው። ቀለበቱ ሦስት ቦታ ተሰባብሯል። ያ ጉረኛ ፒስተን ጎኑ ተተልትሎ፣ ዓይኑን ከስብርባሪው መንቀል አቅቶት፣ «እኔ… ለጨዋታ ነበር እኮ ያልኩት» አለ።

የሺእመቤት መጥታ የሕፃኑን ነገር ስትነግረው ሽብሩ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጁ ላይ ማንም ቢያለቅስ፣ ማንም ቢቆጣ፣ መለኪያው ሳያልፍ ሞተር አልዘጋም።

እናንተም ስሙኝ፦ ሳያውቅ ያጠፋ ይማራል፤ እያወቀ እሺ ያለ ግን ጥፋቱን በገዛ እጁ ገጥሞ ይልካል።