ጭቃ የረገጠው ሰዓት ጠጋኝ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሰዓት ጠጋኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ጠባብ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቶቹ ብቻ የሚኖር ሰው። እግሮቹ ወንበር ከማሞቅ ሌላ ሥራ አያውቁም።

ይህ ሰው ቤት ጀመረ። ማገሩ ተማግሮ፣ ጣራው ቆርቆሮ ለብሶ፣ ግድግዳው ቀረ። ጎረቤቶቹ ቅዳሜ መጥተው ሊመርጉለት ቃል ገቡ፤ ጭቃውን ረግጦ ማቆየት የእሱ ድርሻ ሆነ። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ሚስቱም ወሯ ገብቷል፤ በማገሩ መሃል ነፋስ እያፏጨ መውለድ አስፈርቷታል።

ረቡዕ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ። ሚስቱ በቃህ፣ ነገም ቀን ነው ብትለው፣ ሰው እያየ አልወጣም አላት። እስኪመሽ ረገጠ፤ ማታም ደስ ብሎት ተኛ። ሐሙስ እግሩ ከበደው። ዓርብ ጠዋት ግን ጭኑ እንጨት ሆኖ ጠበቀው፤ ከአልጋ መውረድ አቃተው። የጭቃው እኩሌታ ገና አልተረገጠም።

ሰውየው በሙያው አሰበ። ሰዓት ውስጡ ሲንኳኳ የተሰበረ ነገር አለ ማለት ነው፤ የቀረውን እንዳይሰብረው ወዲያው ያቆሙታል። እሱም አካሉን አቆመ፤ ተጋደመ። በተጋደመ ቁጥር ደረቀ፣ በደረቀ ቁጥር ፈራ። ጎረቤቲቱ ብቅ ብላ የሰው ዓይን ነው አለች። እሱም አመነ።

ሚስቱ ወጌሻ ጠርታ መጣች። ሽማግሌው ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ዳሰሱ፤ አላበጠም። ሽንትህ ጠቁሯል ወይ ብለው ጠየቁት፤ አልጠቆረም። የቱ እግር ነው የሚያምህ ሲሉት ሁለቱም እኩል ነው አላቸው።

«እንዴት ያለ ፍርድ አዋቂ ቡዳ ነው» አሉ ወጌሻው፤ «ለግራም ለቀኝም እኩል ያካፈለ።»

ሚስቱ ሳቀች። ባልየው አልሳቀም። «ይጎትቱልኝ፣ አባባ፤ ጅማቴ ተበጥሷል።»

«ያልተሰበረ አልጠግንም። ና፣ ደግፌሃለሁ።»

ብብቱን ይዘው አስነሡት፤ ወደ ጭቃው መሩት። የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች እሾህ ላይ እንደ መሄድ ነበሩ። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ፣ አሁን ይበጠሳል፣ አሁን ይበጠሳል እያለ ጠበቀ። አልተበጠሰም። ሽማግሌው እንዳይደልቅ፣ ቀስ ብሎ ብቻ እንዲመላለስበት አዘዙት። ጥቂት እንደ ቆየ ጭኑ ሞቀ፤ ሕመሙም ሳይጠፋ ላላ። እሱ በዝግታ፣ ሚስቱ ውሃ በማቀበል፣ ሽማግሌውም በመካከል እያሳረፉት ጭቃው ደረሰ። ማታ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ታጠበ፣ ጠግቦ በላ፣ ተኛ። ቅዳሜ ጎረቤቶቹ መጥተው መረጉ። በኋላ ለሁለተኛው ልስን ጭቃ ሲያቦካም እግሩ ያን ያህል አልጮኸበትም፤ ሥራውን ለምዶታል።

አሮጊቷ ጎረቤት እትዬ አስካለ ይህን ተረት ነግረው ሲያበቁ ወደ ሐመልማል ዞሩ። ሐመልማል ከወለደች ወዲህ መሮጥ የጀመረች ወጣት ናት። በሮጠች በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ሲያቅታት፣ ሰውነቴን ጎድቼው ይሆን፣ ልተወው ይሆን ብላ የጠየቀቻቸው እሷ ነበረች።

«ልጄ፣ ያ ሰው የተሳሳተው ሥጋውን እንደ ሰዓት ቆጥሮ ነው። ሰዓት ሲሰነጠቅ ካልጠገኑት እንደ ተሰነጠቀ ይቀራል። ሥጋ ግን ያልለመደውን ሲሠራ በጥቂቱ ይሰነጠቅና ራሱን መልሶ ይጠግናል፤ ሲጠግንም ከፊተኛው አጠንክሮ ነው። የሚያምሽ ያ ጥገና ነው። አንድ ቦታ ብቻ ቢወጋሽ፣ ቢያብጥ፣ ሽንትሽ ቢጠቁር ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ። አሁን ግን ያጠፋሽው የአንድ ወር ሩጫ በአንድ ጠዋት መሮጥሽን ነው። ሩጫውን አትተዪው፤ አሳንሺው እንጂ። ዛሬ ደግሞ ሩጪ አላልኩሽም።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ልጅሽን እዘዪና እስከ መንገዱ ሸኚኝ። ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።»